ብረቱና ከብረቱ በፊት ያለው

በእርዳታ የመጣ የአጥንት ሕክምና መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በዋጋው ነው። በቀዶ ሕክምና ጊዜ አጥንቱን በኤክስሬይ የሚያሳየው ሲ-አርም አስተማማኝ መብራት፣ ባለሙያና መለዋወጫ ይሻል፤ አንዱ ሲጓደል ጭኑ የተሰበረ ወጣት ለሳምንታት በትራክሽን ይተኛል።

ዶ/ር ሉዊስ ዚርክል እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የመሠረቱት «ሳይን» የተባለ ድርጅት ችግሩን ከሌላ ወገን ጀመረው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም የሚታወቀው የሳይን ብረት በአጥንቱ መቅኒ ውስጥ ያለ ሲ-አርም ይገባል። ከውጭ የሚገጠም መሪ ክንድ የብሎኑን ቦታ ያመለክታል፤ ቀዳዳው መገኘቱም በእጅ ስሜት ይረጋገጣል። ሐኪሙ የታካሚውን መረጃና ኤክስሬይ ሲልክ የተጠቀመበት ብረት በነፃ ይተካለታል። ከብረቱ ይልቅ እኔ የማደንቀው ይህን መተካት ነው፤ ሰጥቶ የሚረሳ ለጋሽ ስንቱን አሳልፈናል!

ይሁንና ክፍት ስብራት ቶሎ ካልታጠበ፣ የሞተው ሥጋ ካልተወገደ፣ አንቲባዮቲክ ከዘገየ፣ የሚገባው ብረት የኢንፌክሽን መሸሸጊያ ይሆናል። የላንሴት የዓለም አቀፍ ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን በ2015 እ.ኤ.አ. የክፍት ስብራትን ሕክምና ከሦስቱ የሆስፒታል ብቃት መለኪያዎች አንዱ አድርጎታል። ለወረዳ ሆስፒታል ግን ውኃ፣ አውቶክሌቭና ከውጭ የሚታሰር ብረት የሚለግስ ጥቂት ነው። የመረጃ ቋቱም ጉድለት አለበት፤ አገሩ የገባ ገበሬ ለክትትል ካልተመለሰ፣ ዘግይቶ የሚያመረቅዝ እግር አይመዘገብም።