የጣና ውሃ ስንት ጁል አለው?

ፊዚክስ ሳስተምር ከሁሉም በላይ የምጠነቀቅለት ምዕራፍ እምቅ ጉልበት ነው። የምጠነቀቅለትም ቀላል መስሎ ስለሚታለፍ ነው። “ኤም ጂ ኤች” የምትባለው ቀመር ሦስት ፊደል ናት፤ ተማሪው በአንድ ክፍለ ጊዜ ይሸመድዳታል፣ ቁጥር ይተካባታል፣ መልሱንም ያገኛል። ከዚያ “ጉልበቱ የት ነው ያለው?” ብላችሁ ጠይቁት። “ድንጋዩ ውስጥ ነዋ!” ይላችኋል።

የእኔ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዱን ድንጋይ ወለል ላይ፣ አምሳያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ “ልዩነታቸውን ፈልጉ” እላቸዋለሁ። ይዳስሷቸዋል፣ ይመዝኗቸዋል። ላይ ያለው አልሞቀም፣ አልከበደም፣ መልኩም አልተለወጠም። ድንጋዩን ብቻ ይዞ የቱንም ያህል ቢመረምሩት የት ተቀምጦ እንደነበር ማወቅ አይቻልም። የተለወጠው በድንጋዩና በመሬት መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ስለዚህ ጉልበቱም የሁለቱ የጋራ ነው። መሬት ባትስበው ኖሮ ድንጋዩን ቀስ ብሎ ከፍ ማድረግ ምንም ሥራ አይጠይቅም፤ ሲለቀቅም የሚመልሰው ነገር አይኖርም።

ይህ ከገባቸው በኋላ ከፍታው ከየት ተነስቶ ይለካ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ለዚህ ከጣና የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የሐይቁ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ከሐይቁ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም 1,000 ኪሎግራም፣ ወስደው እምቅ ጉልበቱን እንዲያሰሉ አዛለሁ። ከባሕር ጠለል የተነሳው ተማሪ ወደ 17.6 ሚሊዮን ጁል ያገኛል። ውሃው በዓባይ ወርዶ ጢስ ዓባይ ላይ ሲወድቅ ያሰበው ደግሞ የፏፏቴውን ከፍታ፣ 40 ሜትር ያህሉን ብቻ ይዞ 400 ሺህ ጁል አካባቢ ላይ ይቆማል። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የጣና በለስ ጣቢያ የሚያስታውስ ሦስተኛ ተማሪ ከተገኘ ትምህርቱ ሞላ ማለት ነው። እዚያ ውሃው ከሐይቁ ምዕራብ ተነስቶ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ይጓዝና ወደ በለስ ተፋሰስ ከ300 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ የዚያው አንድ ሜትር ኩብ ድርሻ 3 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይሆናል።

ክፍሉ ውስጥ “ማን ነው ትክክል?” የሚል ክርክር ይነሳል። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ሐይቁ ውስጥ የተኛው ውሃ ያው ነው፤ የተለያየው መድረሻው ነው። የጣና በለስ መሐንዲሶች ለውሃው ከፍታ አልጨመሩለትም፤ ከፍታውን የሰጠው መልክዓ ምድሩ ነው። እነሱ ያደረጉት ውሃው የበለጠ ዝቅ ወደሚልበት አቅጣጫ መንገድ መክፈት ነው፤ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ለእምቅ ጉልበት ጽንሰ ሐሳብ በ1853 እ.ኤ.አ. ስም የሰጠው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ራንኪንም የእንፋሎት ሞተር የሚያጠና መሐንዲስ ነበር። የተሠራው ሥራ ምን ያህሉ ተመልሶ ይገኛል የሚለው ጥያቄ ለእንዲህ ዓይነት ሰው የዕለት ጉዳይ ነው።

ተመልሶ መገኘቱን በደንብ የሚያስረዳው ሰበቃ ነው። አንድ ጆንያ ጤፍ በገመድ ቀጥ ብሎ ወደ ፎቅ ቢሳብ፣ ወይም ሰው ተሸክሞ በደረጃ እየዞረ ቢያወጣው፣ ስበትን ለማሸነፍ በጆንያው ላይ የተሠራው ሥራ እኩል ነው። ተማሪዎች ይህን በቀላሉ አይቀበሉም። ተሸካሚው ደክሟል፣ አልቦታል ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ያ ትርፍ ድካም በሰውነቱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ቀርቷል። ጆንያው ቢለቀቅ የሚመልሰው ከፍታው የያዘውን ብቻ ነው። አሁን ያንኑ ጆንያ ወለል ለወለል እየጎተታችሁ ክፍሉን አዙሩና ቦታው መልሱት። ብዙ ሥራ ሠርታችኋል፤ ብትለቁት ግን ባለበት ይቀመጣል። ለዚህ ነው ለስበት እምቅ ጉልበት ኖሮ ለሰበቃ የሌለው። አንድ ተማሪ ይህን በራሱ አንደበት ካስረዳኝ፣ ቀመሩን ቢረሳው እንኳ አልሰጋለትም።

ዜሮውን መምረጥ የለመደ ልጅ ወደ ላይኛው ክፍል ሲያልፍም አይደነግጥም። እዚያ ዜሮው እጅግ ሩቅ፣ የመሬት ስበት ከቁጥር በማይገባበት ርቀት ላይ ይደረጋል፤ መሬት ላይ የተቀመጠ 1 ኪሎግራም ድንጋይም ኔጌቲቭ 62 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይሰጠዋል። ቁጥሩ ድንጋዩን ከመሬት ስበት ጨርሶ ለማላቀቅ የሚጠየቀውን ሥራ ይነግረናል። “ኤም ጂ ኤች” የምትሠራው ከፍታው ከመሬት ስፋት አንጻር እዚህ ግባ በማይባልበት ቦታ ብቻ መሆኑንም ያኔ ያያል።

ፈተና የምታወጡ ባልደረቦቼን አንድ ነገር ልለምናችሁ። “2 ኪሎግራም ድንጋይ 5 ሜትር ከፍታ ላይ አለ፤ እምቅ ጉልበቱ ስንት ነው?” ብላችሁ አትተዉት። 5 ሜትሩ ከየት እንደሚለካ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ ደግሞ ዜሮውን ራሱ መርጦና ምርጫውን ገልጾ ለመለሰ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ስጡት።