አራት ዘፈን የዘፈነው ሰው

ባለፈው ሰሞን ሲታክ ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ይዤ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ከፍ አድርጌ እሰማ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሻይ ኩባያውን እንደያዘ መስኮቴ ዘንድ መጣና ራሱን እየነቀነቀ «አይ ዋልያስ!» አለ። «ማን ደረሰው?» አልኩት። የድሮ የአስተማሪነት አመሌ ነው፤ ሰው ሲደሰት ካየሁ ጥያቄ አነሳለሁ። «ዋልያስ አልኩህ እኮ!» ብሎኝ ሄደ።

ደራሲው ግርማ በየነ ነው። ስሙን ባታውቁት እንኳ ሥራውን ስትሰሙ ኖራችኋል። ፒያኖ ተጫዋች፣ የዜማና የግጥም ደራሲ፣ አቀናባሪ፣ በዚያ ላይ ዘፋኝ ነው። ነገር ግን በወጣትነቱ በራሱ ድምፅ ሸክላ ላይ ያስቀረጸው አራት ዘፈን ብቻ ሲሆን፣ ለሌሎች ያቀናበረው ከ60 በላይ ነው። በ1969 (ዓመቶቹን በፈረንጅ እጽፋለሁ) አምሃ እሸቴ የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ግርማ ከዋነኞቹ አቀናባሪዎች አንዱ ሆነ። ከዓለማየሁ እሸቴ ጋርም በሁለቱ ስም የተጠራው ዓለም-ግርማ ባንድ ነበራቸው።

የዓለማየሁን የዚያን ዘመን ሸክላዎች እስቲ በጥሞና ስሙ። ሰው የሚያስታውሰው ጩኸቱን፣ ያንን የጄምስ ብራውን አወጣጥ ነው። እኔ የምለው ግን፣ ጩኸቱ ያማረው አስቀድሞ ቦታ ስለተለቀቀለት ነው። ሳክስፎንና ትራምፔቱ አንድ ሐረግ ብለው ዝም ይላሉ፤ ፒያኖው ጠብ ጠብ ይላል፤ ከዚያ ድምፁ ይገባል። ያን ዝምታ ቁጭ ብሎ የወሰነ ሰው አለ። ሽፋኑ ላይ የሚወጣው ፎቶ ግን የዘፋኙ ነው።

የራሱን «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ»ን ደግሞ ውሰዱ። አይጮኽም፤ አጠገባችሁ ተቀምጦ የሚያወጋችሁ ነው የሚመስለው። ከጥላሁን ገሠሠ ጋር ለሚያወዳድር ሰው ድምፁ ትንሽ ነው፣ አልክድም። ግን ቃሉን ከምቱ ጥቂት አዘግይቶ ያስቀምጠዋል፤ ያቺ መዘግየት ናት ዘፈኑ።

«ሙዚቃዊ ስልት» ዋልያስ በ1977 ባሳተመው «ቸ በለው» ሸክላ ላይ ወጣ። ቃል የለውም። ሰዓት እላፊ በነበረበት ዘመን እነዚህ ልጆች በአዲስ አበባ ሂልተን ይጫወቱ ነበር። በ1981 ባንዱ ለትርኢት አሜሪካ ሲመጣ ግርማና ጥቂት ጓደኞቹ እዚሁ ቀሩ። ከነዚህ አንዱ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን እንደኛው ታክሲ ነዳ፤ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ጭኖ በወረፋ መሐል ይጫወት ነበር። በ2013 የድሮ ካሴቱ እንደገና ሲታተም የውጭው ዓለም አገኘው። ግርማ ግን ለብዙ ዓመታት ከሙዚቃው ራቀ።

የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። የተሰደደ ዘፋኝ ጉሮሮውን ይዞ ይመጣል፤ ለእንቁጣጣሽ አዳራሽ እንከራይለታለን፣ ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፍለታለን። ለሌላው የሚጽፍ ሰው ግን የሚጽፍላቸውን ጉሮሮዎች እዚያው ጥሎ ነው የሚወጣው። ጥቁር ሰሌዳና ተማሪ ጥዬ ስለመጣሁ ይሆናል፣ ይህ ነገር ቶሎ ይገባኛል። በእነዚያ ዓመታት ስንት ዜማ ሳይጻፍ እንደቀረ ማን ይቆጥረዋል? በየዝግጅቶቻችን ወረቀት ላይስ የዘፋኙን ስም በትልቁ ስናትም የደራሲውን የምንጽፈው መቼ ነው?

በ2017 ግርማ አካለ ውቤ ከሚባል የፈረንሳይ ባንድ ጋር በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 30ኛውን አልበም አወጣ። ስሙ «ሚስቴክስ ኦን ፐርፐዝ» ነው፤ ሆን ተብለው የተሠሩ ስህተቶች እንደማለት። ፈረንጆቹ ሥራውን አክብረውታል፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ፤ ምንም እንዳይሰበር የፈሩ ይመስላሉ። የግርማ ድምፅ አርጅቷል፣ ሻክሯል። ባንዱ ተጣድፎ ምቱ ላይ ሲደርስ እሱ ገና ቃሉን አልጀመረም። ያቺን ቦታ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማኋት፤ በአራተኛው ወረፋዬ ደረሰ።