ትርጉሙ አለቀ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም

ሒስ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ልብ ወለድ፣ ግጥም ወይም ድራማ ነው። እኛ በዚህ እትም ልንተቸው የፈለግነው ግን ተማሪዎቻችን ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጥ ደጋግመው የሚያዩትን ጽሑፍ ነው፤ ይኸውም በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚታየውን አማርኛ። «ክፈት»፣ «አስቀምጥ»፣ «ሰርዝ» የሚሉትን ቃላት የጻፋቸው ሰው አለ። በነጻ ፕሮግራሞች ዘንድ ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ደመወዝ፣ ከእንቅልፉ ቀንሶ የሠራ በጎ ፈቃደኛ ነው። ስለዚህ ሒሳችን ምስጋናን ያስቀድማል። ነገር ግን በምስጋና ብቻ ሥራ አይሻሻልም እኮ!

እንደሚታወቀው ኦፕን ሶርስ የሚባሉት ፕሮግራሞች ማንም ሰው ሊጠቀምባቸው፣ ሊያባዛቸው፣ ውስጣቸውን አይቶ ሊለውጣቸው የሚፈቀድ ናቸው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑን ፕሮጀክት ካሳወቀ፣ ሊነስ ቶርቫልድስም በ1991 ሊነክስን ካወጣ ወዲህ ይህ አሠራር ዓለምን አዳርሷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ለእኛ ለመምህራን ትልቁ ቁም ነገር ዋጋው ነጻ መሆኑ ብቻ አይደለም። አንድ ኩባንያ «አማርኛ ገበያው አያዋጣም» ብሎ ቢተወው፣ የቸገረው ሰው ራሱ ተነሥቶ መተርጎም መቻሉ ነው። ፈቃዱ ከተሰጠ ቆይቷል። ፈቃዱን ሥራ ላይ የሚያውል የተደራጀ ማኅበረሰብ አለን ወይ? ጥያቄያችን ይህ ነው።

መሠረቱ እንኳ በቀላሉ የተጣለ አይደለም። ድሮ በኮምፒውተር አማርኛ የሚጻፍባቸው ፕሮግራሞች ፊደሉን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቁጥር ስለሚያስቀምጡ፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል ካካተተ በኋላ ግን ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ የታወቀ ቁጥር ተሰጠው። በጎ ፈቃደኞችም ብዙ ሠርተዋል። የሊነክስ ገጽታ የሆነው ጂኖም የአማርኛ ትርጉም አለው፤ የቢሮ ሥራ የምንሠራበት ሊብሬ ኦፊስም እንዲሁ። ስለዚህ «ማንም ምንም አልሠራም» የሚለው ወቀሳ ሐሰት ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ቃላቱን እንመልከት። የአንዱን ፕሮግራም ስም መጥራት አያስፈልግም፤ በሽታው የብዙዎቹ ነውና።

አንደኛ፣ «አጥፋ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ኮምፒውተሩን አጥፋ እንላለን፣ መብራቱን አጥፋ እንላለን። ፋይሉንም አጥፋ ስንል ጉዳዩ ሌላ ነው፤ መብራት መልሶ ይበራል፣ የጠፋ ፋይል ግን ላይመለስ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ቃል የተረጎመ ሰው አማርኛው አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ቃሉን በነጠላ አይቶ ተረጎመው እንጂ ቁልፉ የት ቦታ እንዳለ፣ ሲጫን ምን እንደሚያደርግ አላየም። «ክፈት» እና «ክፍት» የሚምታቱትም ለዚሁ ነው። በእንግሊዝኛ ትእዛዙም ሁኔታውም በአንድ ቃል ስለሚጻፉ፣ ተርጓሚው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ካልጠየቀ በግምት ይጽፋል።

ሁለተኛ፣ የዓረፍተ ነገር አሠራር ነው። ማሰሪያ አንቀጻችን መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ያውቀዋል። ስክሪኑ ግን «በመቅዳት ላይ ደብዳቤ ወደ ሰነዶች» ይለናል። «ደብዳቤን ወደ ሰነዶች በመቅዳት ላይ» ማለት ይቻል ነበር እኮ! ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሚተረጎሙበት የፒኦ ፋይል አሠራር፣ የፋይሉ ስም የሚገባበትን ቦታ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ለማዛወር ይፈቅዳል። ይህን ለአዲስ በጎ ፈቃደኛ በአምስት ደቂቃ የሚያስረዳው ሰው ስላልነበረ ብቻ አማርኛው ተሰበረ።

ሦስተኛ፣ ትእዛዙ ለማን ነው? «ክፈት»፣ «ጻፍ»፣ «ዝጋ» የሚባለው ወንድ ልጅ ነው። በካምፓችን የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ሴቶች ተማሪዎች ቀድሞም ጥቂት ናቸው፤ ስክሪኑ ደግሞ ሁልጊዜ ወንዱን ብቻ ያናግራል። ለትልልቅ ሰዎች በምናስተምርበት ሰዓትም አንድ የተከበሩ አዛውንትን ማሽኑ «አንተ» ሲላቸው ደስ አይልም። «ይክፈቱ» ወይም «መክፈቻ» ቢባል ሁሉንም ያስማማል። አንዳንድ ተርጓሚዎች ይህን አስበውበታል፣ ሌሎቹ አላሰቡበትም። ከሁሉ የሚከፋው በአንድ ሜኑ ውስጥ ሦስቱም ተቀላቅለው ሲገኙ ነው።

አራተኛ፣ ቃሉ የሚነበብበት ቦታ ነው። «እርዳታ» የሚለው ቁልፍ አዲስ አበባ ላለ ሰው የፕሮግራሙ መመሪያ ይመስለው ይሆናል። በካምፕ ግን እርዳታ ማለት ራሽን ነው፣ ካርድ ነው፣ ሰልፍ ነው። ተማሪዎቻችን ቃሉን አይተው የሚሳሳቁበት ያለ ምክንያት አይደለም። «መመሪያ» ወይም «ማብራሪያ» ቢባል ምን ነበረበት? ተርጓሚው ይህን ከቤቱ ሆኖ ሊያውቅ አይችልም፤ ሊነግረው የሚችለው ተጠቃሚው ብቻ ነው።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ የቋንቋ ችሎታ ማነስ ውጤቶች አይደሉም፤ የአደረጃጀት ጉድለት ውጤቶች ናቸው። የነጻ ፕሮግራም ትርጉም የሚለካው በመቶኛ ነው። ለምሳሌ ጂኖም ለብዙ ዓመታት ባወጣቸው የእትም መግለጫዎች ከመቶ 80 እና ከዚያ በላይ የተተረጎመለትን ቋንቋ እንደ ተደገፈ ቆጥሯል። መለኪያ መኖሩ ደግ ነው። ዳሩ ግን በዚህ ቆጠራ ማንም የማያየው የስሕተት መልእክትና ሁሉም በየደቂቃው የሚጫነው «አስቀምጥ» እኩል አንድ አንድ መስመር ናቸው። መቶኛው ስንት መስመር እንደተሞላ ይናገራል፤ ስንት ሰው እንደተረዳው አይናገርም።

ሌላው ደግሞ የዘመቻ ፍቅር ነው። ቅዳሜና እሁድ ወጣቶች ይሰበሰባሉ፣ ሻይ ይጠጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አንድ ሺህ መስመር ይተረጎማል። ሰኞ ማን አለ? እንደ ጂኖምና ኡቡንቱ ያሉት በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ያወጣሉ። የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ሲለወጥ የቆየው ትርጉም «አጠራጣሪ» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል፤ ሰው እስኪያየው ድረስም ስክሪኑ ላይ እንግሊዝኛው ይመለሳል። ግማሽ አማርኛ ግማሽ እንግሊዝኛ የሆነው ሜኑ የሚመጣው እንዲህ ነው። ትርጉም እንደ ጓሮ አትክልት ነው፤ ውኃ የሚያጠጣው ሰው ከሌለ ይደርቃል። አሁን አሁን ደግሞ የማሽን ትርጉም አለ። ጎግል በ2016 አማርኛን ከጨመረ ወዲህ መስመሩን ገልብጦ መለጠፍ ቀላል ሆኗል። መቶኛው ያድጋል፣ «አጥፋ» ግን ያው «አጥፋ» ነው።

ከአህጉራችን የምንማረው አለ። የካምፓችን ትምህርት ቤቶች የኬንያን ሥርዓተ ትምህርት ስለሚከተሉ ተማሪዎቻችን ኪስዋሂሊ ይማራሉ። ለዚህ ቋንቋ በዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ የተሰባሰበ ቡድን በ2004 «ጃምቦ ኦፕን ኦፊስ» የተባለውን የቢሮ ፕሮግራም አውጥቷል፤ የኮምፒውተር ቃላት መድበልም አዘጋጅቷል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ድዌይን ቤይሊ በ2001 ያቋቋመው ትራንስሌት የተባለ ድርጅት ኦፕን ኦፊስን በዚያን ጊዜ 11 በነበሩት የአገሪቱ ይፋ ቋንቋዎች እንዲሠራ አድርጓል። ተማሪዎችን በየዩኒቨርሲቲው ሰብስቦ በአንድ ቀን አስተርጉሟል፤ ዘመቻ እሱም አድርጓል ማለት ነው። ነገር ግን ከዘመቻው ጎን ቋሚ ቡድን ነበረው፣ ፑትል የተባለውን የትርጉም መሥሪያም ሠርቶ ሌሎች ቋንቋዎች እንዲጠቀሙበት ለቋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ዘመቻው የሥራው መግቢያ እንጂ ሥራው ራሱ አልነበረም።

«ለምን ይህ ሁሉ ድካም? ፈተናውም ሥራውም በእንግሊዝኛ አይደለም ወይ?» የሚሉ ባልደረቦች አሉን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንግሊዝኛን እናስተምራለን፣ እናስተምራለንም። ነገር ግን ማንበብ በአማርኛ ብቻ የሚችል ተማሪ የቁልፎቹን ቦታ ሸምድዶ «ከላይ ሦስተኛውን ተጫን» እያለ ሲሠራ ኮምፒውተር ተማረ ማለት አይቻልም፤ እትሙ ተለውጦ ቁልፉ ቦታውን በቀየረ ዕለት የተማረው ሁሉ ይጠፋዋል። በተሰበረ አማርኛ የሚማር ደግሞ ከዚያ የባሰ ነገር ይማራል፤ የገዛ ቋንቋው ለዚህ ዓይነት ዕውቀት እንደማይሆን። ይህ እንዳይሆን ነው የምንከራከረው።

አማርኛ የካምፓችን ሰው ሁሉ ቋንቋ እንዳልሆነም አንዘነጋም። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አኙዋክኛና ሌሎችም አብረውን አሉ። የምንለው ሁሉ ለእነርሱም ይሠራል፤ የፒኦ ፋይሉ አንድ ነው፣ አደረጃጀቱም አንድ ነው። አንዱ ቡድን የተማረውን ለሌላው ቢያካፍል ማንም አይጎዳም።

ሳይነሣ ማለፍ የሌለበት ሌላ ነገር አለ። አደራጆች «በጎ ፈቃድ» ሲሉ ጊዜያችንን ብቻ የሚጠይቁ ይመስላቸዋል። በኢንሴንቲቭ ለሚኖር መምህርና ምንም ለሌለው ተማሪ ግን የኢንተርኔት ካርዱም ወጪ ነው፣ መብራት ያለበትን ሰዓት መጠበቁም ዋጋ ነው። የበጎ ፈቃድ ሥራ ነጻ ነው ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ስለዚህ ከካምፕ ሰው ትርጉም የሚፈልግ ፕሮጀክት ቢያንስ ሥራው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበትን መንገድ ያመቻች። ፖኤዲት በተባለው ነጻ ፕሮግራም የፒኦ ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ተከፍቶ ይተረጎማል፣ በፍላሽም ይዞራል፤ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሲወርድና ሲላክ ብቻ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ? በየኮምፒውተር ክፍሉ አንድ ደብተር ይቀመጥ። ተማሪው ያልገባውን ቃል፣ ቃሉ የታየበትን ቦታና «እንዲህ ቢባል» የሚለውን ይጻፍበት። በወር አንድ ቀን መምህራንና ተማሪዎች ደብተሩን አንብበን በ50 ቃላት ላይ እንስማማ፤ «ሥራ» ነው ወይስ «ስራ» የሚለውንም አብረን እንወስን፣ አጻጻፉ ከተለያየ በፍለጋ አይገኝምና። የተስማማንበትን ግድግዳ ላይ እንለጥፍ፣ ለትርጉም ቡድኖቹም እንላክ። አንድ ሰው ይተርጉም፣ ሌላው ያርም፣ ሦስተኛው ምንም ሳይነገረው ይጠቀምበት። ሦስተኛው ከተደናገረ ትርጉሙ አላለቀም። በትልቅ ፕሮግራም ሳይሆን ተማሪዎች በየቀኑ በሚከፍቱት ትንሽ ፕሮግራም እንጀምር።

በዚህ ሥራ ማንም መታወቂያ አይጠይቀንም። የፒኦ ፋይል አናቱ ላይ የመጨረሻው ተርጓሚ ስም የሚጻፍበት መስመር አለ፤ ስደተኛ ይሁን ዜጋ የሚል መስመር ግን የለውም። ካምፕ ውስጥ የተጻፈ አንድ ትክክለኛ ቃል ጎንደር፣ ቴል አቪቭና ዋሽንግተን ያለ አማርኛ አንባቢ ስክሪን ላይ ይደርሳል።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። እስካሁን የአማርኛውን ሎሚ የተሸከሙት ጥቂቶች ናቸው። ወቀሳችን ለእነርሱ ሳይሆን ከጎናቸው ለመቆም ለዘገየነው ለሁላችን ነው። ደብተሩን ለመጀመር የምትፈልጉ መምህራንና ተማሪዎች በየትምህርት ቤታችሁ ላሉት የኮምፒውተር መምህራን እንድታመለክቱ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ቸር ይግጠመን።