ቀለም የሚያሳየውና የሚሸፍነው፦ የተዛምዶ ሠንጠረዥን በፈንክሽን ስለ መሳል የቀረበ ሒስ

ለትምህርት ዕቅድ አውጪ ብዙ ቍጥር ይቀርብለታል። የተማሪው ብዛት፣ የመምህሩ የሥልጠና ደረጃ፣ የመጻሕፍቱ ሥርጭት፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለው ርቀትና የፈተናው ውጤት በየዓምዱ ተደርድረው ይመጣሉ። የትኛው ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ በዐይን ብቻ መለየት አስቸጋሪ በመሆኑ፣ የእያንዳንዱን ጥንድ ተዛምዶ አስልቶ ውጤቱን በቀለም የሚያሳይ ሠንጠረዥ መሳል የተለመደ ሆኗል። ይህን ሥራ የሚያከናውነው ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ ጊዜ ተጽፎ በተጠራ ቍጥር የሚሠራ የኮምፒዩተር ትእዛዝ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመሣሪያውን ጠቃሚነትና ጕድለት መዝኖ፣ ፈንክሽኑ እንዴት ቢጻፍ እንደሚሻል ሐሳብ ማቅረብ ነው።

በመሠረቱ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ቱሳን ሉዋ እ.ኤ.አ. በ1873 ስለ ፓሪስ ሕዝብ ባሳተመው አትላስ የ40 ካርታዎችን ፍሬ ነገር በአንድ ሠንጠረዥ አጠቃሎ፣ የከተማዪቱን 20 ወረዳዎች ሁኔታ ከነጭ እስከ ቀይ በሚደርስ ቀለም አሳይቷል። የዛሬው ፈንክሽን ትልቁ ብልጫ ፍጥነቱ ነው። በ20 ዓምዶች መካከል የሚገኙት 190 ጥንዶች በጥቂት መስመር ትእዛዝ ተሰልተው ይሳላሉ። ይህ ጥቅም ሊካድ አይገባም። ሆኖም በእጅ የሚሠራ ሰው በየደረጃው ሊያስብበት ይገደድ የነበረውን ጉዳይ ፈንክሽኑ በዝምታ ወስኖ ያልፋል።

የመጀመሪያው ጕድለት የቀለሙ ወሰን ነው። ተዛምዶ ከ−1 እስከ +1 ባለው ክልል ይወሰናል። ሲቦርን የተባለው የፓይተን መሣሪያ ግን ወሰኑ ካልተነገረው፣ ከቀረበለት ሠንጠረዥ ትንሹንና ትልቁን ቍጥር ወስዶ ቀለሙን በዚያ ይደለድላል። ስለሆነም ትንሹ ተዛምዶ +0.1 ቢሆን፣ ለ−1 የሚገባውን ቀለም ይለብሳል። በአር ቋንቋ የተጻፈው ኮርፕሎት −1ንና +1ን በራሱ ወሰን ስለሚያደርግ በዚህ ረገድ ይመረጣል።

ሁለተኛው የጐደለ መረጃ ጉዳይ ነው። ፓንዳስ የተባለው የፓይተን ማስያ ባዶ ቦታ ሲያጋጥመው ለዚያ ጥንድ ብቻ መዝገቡን ይዘላል። እንግዲህ የአንዱ ሣጥን ቍጥር ከ400 ትምህርት ቤቶች፣ የጎረቤቱ ደግሞ ከ12 ትምህርት ቤቶች ብቻ የተገኘ ሊሆን ይችላል፤ ቀለማቸው ግን ይህን አይናገርም። ከዚህም በላይ በ190 ጥንዶች መካከል አንዳችም እውነተኛ ዝምድና ባይኖር እንኳ፣ በ5 በመቶው መመዘኛ ዘጠኝ ወይም ዐሥር የሚሆኑት በአጋጣሚ ብቻ ትርጕም ያላቸው መስለው ይታያሉ።

ሦስተኛ፣ አንድ ቍጥር የመረጃውን መልክ አይገልጽም። ፍራንሲስ አንስኮም እ.ኤ.አ. በ1973 እያንዳንዳቸው 11 ነጥቦች ያሏቸው አራት መረጃዎች አቅርቦ ነበር። የአራቱም ተዛምዶ 0.82 ገደማ ነው። ነጥቦቹ ሲሳሉ ግን አንዱ በቀጥታ መስመር ዙሪያ የተበተነ፣ አንዱ ጎባጣ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ በአንዲት ያፈነገጠች ነጥብ የተዛቡ ሆነው ተገኙ። በቀለም ሠንጠረዥ ላይ አራቱም አንድ ዐይነት ሣጥን ናቸው።

ለዕቅድ አውጪ ከሁሉ የከፋው አራተኛው ነው። ዊልያም ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣው ጥናት፣ በ1930 የተካሄደውን የአሜሪካ ሕዝብ ቈጠራ መሠረት አድርጎ ማንበብና መጻፍ አለመቻልን ከውጭ አገር ተወላጅነት ጋር አነጻጸረ። በ48ቱ ክፍላተ ግዛት ደረጃ ሲሰላ ተዛምዶው −0.53 ገደማ ሆነ። በግለሰብ ደረጃ ሲሰላ ግን +0.12 ገደማ ሆኖ ምልክቱ ተገለበጠ። መጤዎቹ የሰፈሩት የአገሬው ተወላጅ ይበልጥ ማንበብና መጻፍ በሚችልባቸው ክፍላተ ግዛት ስለ ነበር ነው።

ይህ ከእኛ ሥራ የራቀ አይደለም። በወረዳ ደረጃ የተሳለ ሠንጠረዥ የክፍል መጨናነቅ ከፍ ካለ ውጤት ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳየ እንበል። ምናልባት የተጨናነቁት ክፍሎች የሚገኙት መጽሐፍና የሠለጠነ መምህር በማያጡ ከተሞች ይሆናል። ሠንጠረዡን ብቻ አይቶ «መጨናነቅ አይጐዳም» የሚል ዕቅድ አውጪ፣ ሰማንያ ልጆች በአንድ ክፍል ለሚያስተምረው መምህር የሚገባውን ርዳታ ይነፍገዋል።

ስለዚህ ፈንክሽኑን የሚጽፍ ባለሙያ አራት ግዴታዎች ሊያስገባበት ይገባል። ወሰኑን ከ−1 እስከ +1፣ መካከለኛውን ቀለም ደግሞ ዜሮ ላይ ያጽና። በየሣጥኑ ተዛምዶው የተሰላበትን የመዝገብ ብዛት ያስፍር። ጐልቶ ለታየው ጥንድ ሁሉ የነጥቦቹን ሥዕል አብሮ ያውጣ። አሃዱ ተማሪ፣ ትምህርት ቤት ወይም ወረዳ መሆኑ ካልተገለጸለት አልሥልም ይበል። እንዲህ የተጻፈ ፈንክሽን ጥያቄ የሚያነሣ ረዳት ይሆናል፤ ጥያቄውን ለመመለስ ግን አሁንም ወደ ክፍሉ ሄዶ መምህሩን መጠየቅ ያስፈልጋል።