የሐኪሞች ክፍያ ቅነሳና ድኻ አረጋውያን፦ ሸክሙ የሚያርፈው በማን ላይ ነው?

ሜዲኬር ለሐኪሞች የሚከፍለው ተመን በየዓመቱ መገባደጃ ላይ የአሜሪካን ኮንግረስ ከሚያከራክሩት ጉዳዮች አንዱ ነው። ክርክሩ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ወገን ቅነሳው የሕዝብን ገንዘብ እንደሚያድንና የሚጎድለውም ከሐኪሙ ገቢ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። የሐኪሞች ማኅበራት በበኩላቸው ቅነሳው አረጋውያንን ሁሉ ያለ ሐኪም እንደሚያስቀር ያስጠነቅቃሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን አስተያየቶች መመርመር ነው። በጸሐፊው እምነት ሁለቱም ጎደሎ ናቸው። የመጀመሪያው ሸክሙ ከሐኪሙ ትከሻ ሲወርድ የት እንደሚያርፍ አይጠይቅም። ሁለተኛው ደግሞ አረጋውያንን ሁሉ በአንድ ሚዛን ይመዝናል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የተመኑ አመጣጥ

ሜዲኬር በ1965 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ፊርማ የተቋቋመ፣ በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላውን የሚያገለግል የመንግሥት የጤና መድን ነው። ከ1992 ጀምሮ ለሐኪሙ የሚከፈለው ዋጋ የሚሰላው ለእያንዳንዱ አገልግሎት በተሰጠው የሥራ ክብደት ነጥብ ነው። ነጥቡ በተወሰነ የዶላር መጠን ይባዛል። ያ መጠን በ2001 ወደ 38 ዶላር ከ26 ሳንቲም ነበር፤ በ2025 ግን 32 ዶላር ከ35 ሳንቲም ሆኖ ተገኘ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የክሊኒክ ኪራይ፣ የነርስ ደመወዝና የመሣሪያ ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያሻም። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር የክሊኒክ ወጪ ንረትን አስቦ ባወጣው ስሌት መሠረት፣ ከ2001 እስከ 2025 የክፍያው እውነተኛ ዋጋ በ33 በመቶ ቀንሷል።

ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው። በ1997 የወጣው የበጀት ማመጣጠኛ ሕግ የሐኪሞች ጠቅላላ ወጪ ከአገሪቱ የኢኮኖሚ ዕድገት ጋር ተያይዞ እንዲገደብ አደረገ። በ2002 በዚሁ ቀመር ወደ 5 በመቶ የሚጠጋ ቅነሳ ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ ኮንግረስ ቅነሳውን በየጊዜው ሲያስተላልፍ ቆይቶ በ2015 ቀመሩን ሻረው። ይሁን እንጂ የተተካው ሕግ ከ2020 እስከ 2025 ላሉት ዓመታት የመደበው መደበኛ ጭማሪ ዜሮ ነበር። በዚህም ላይ ከ2013 ጀምሮ፣ በወረርሽኙ ዘመን ከተሰጠው እፎይታ በስተቀር፣ ከሜዲኬር ክፍያ 2 በመቶ ይቆረጣል። በተጨማሪም የአገልግሎት ዋጋ ለውጥ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጪ ካስከተለ ከሌላው አገልግሎት ተቀንሶ እንዲካካስ ሕግ ያዛል። በ2021 ለመደበኛ የክሊኒክ ምርመራ የሚከፈለው ከፍ ሲል፣ የነጥቡ ዋጋ 10 በመቶ ያህል ሊወርድ ተወስኖ የነበረው በዚሁ ደንብ ምክንያት ነው። ኮንግረስ በመጨረሻዋ ሰዓት ጣልቃ ገብቶ ቅነሳውን ወደ 3 በመቶ ያህል አወረደው። ለ2026 የተፈቀደው የ2.5 በመቶ ጭማሪም ለአንድ ዓመት ብቻ የተሰጠ ነው።

ሁለት ታካሚዎች፣ አንድ ምርመራ

እስካሁን የተነገረው ቅነሳ ሁሉንም አረጋዊ እኩል የሚነካ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሜዲኬር ዓመታዊው መነሻ ወጪ ከተሸፈነ በኋላ ከተፈቀደው ዋጋ 80 በመቶውን ይከፍላል፤ ቀሪው 20 በመቶ የታካሚው ድርሻ ነው። አቅም ያለው አረጋዊ ተጨማሪ መድን ይገዛና ድርሻው በዚያ ይሸፈንለታል። ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር የማያልፈውን አረጋዊ ደግሞ ክፍለ ግዛቱ በሜዲኬይድ በኩል እንዲከፍልለት ታስቦ ነበር። ነገር ግን ያው የ1997 ሕግ ለክፍለ ግዛቶች አንድ መውጫ በር ከፈተላቸው። ሜዲኬር የከፈለው ገንዘብ ከክፍለ ግዛቱ የሜዲኬይድ ተመን የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ከሆነ፣ ክፍለ ግዛቱ ምንም መጨመር አይጠበቅበትም። አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች በዚህ በር ገብተዋል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። የአንድ ምርመራ ዋጋ 100 ዶላር፣ የክፍለ ግዛቱ የሜዲኬይድ ተመን 70 ዶላር፣ ክሊኒኩ ለምርመራው የሚያወጣው ወጪ ደግሞ 75 ዶላር ነው እንበል። ሜዲኬር ከ80 ዶላሩ ላይ 2 በመቶ ቆርጦ 78 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይልካል። ተጨማሪ መድን ያላቸው እናት ሲታከሙ 20 ዶላር ይታከልና ክሊኒኩ 98 ዶላር ከ40 ሳንቲም ያገኛል። ድኻዋ እናት ሲታከሙ ግን የሚታከል የለም። ወጪው ሲቀነስ ከመጀመሪያዋ ታካሚ 23 ዶላር ከ40 ሳንቲም፣ ከሁለተኛዋ 3 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይተርፋል።

አሁን ተመኑ በ3 በመቶ ይቀነስ። ከመጀመሪያዋ የሚተርፈው ወደ 20 ዶላር ከ45 ሳንቲም ይወርዳል፤ ከሁለተኛዋ የሚተርፈው 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ብቻ ይሆናል። ቅነሳው በወረቀት ላይ እኩል 3 በመቶ ነው፤ ከሀብታሟ ትርፍ ግን አንድ ስምንተኛውን ያህል ሲወስድ ከድኻዋ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ይወስዳል። ሌላ አንድ ቅነሳ ቢጨመር ድኻዋን ማከም ኪሳራ ይሆናል። ሕጉ በዚህ ደረጃ ያሉ ታካሚዎች የድርሻ ክፍያ እንዳይጠየቁ በትክክል ከልክሏል። ስለዚህ ጉድለቱ በታካሚዋ ላይ በሒሳብ መልክ አይደርስም፤ በቀጠሮ መልክ ይደርሳል።

የቀጠሮው ነገር ጸጥ ያለ ነው። በድኻ ላይ በሩን በይፋ የሚዘጋ ክሊኒክ ጥቂት ነው። አዲስ የሜዲኬይድ ታካሚ ለጊዜው አንቀበልም ይባላል፤ በሦስት ወር ይታይ የነበረው የስኳር ሕመምተኛ በስድስት ወር ይጠራል፤ ትንሹ ክሊኒክ ደግሞ ለሆስፒታል ይሸጣል። ክሊኒኩ በሆስፒታል ስም ሲተዳደር ለዚያው ምርመራ የተቋም ክፍያ ስለሚታከልበት ሜዲኬር ከቀድሞው የበለጠ ይከፍላል። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል፤ በቅነሳው የተገኘውን ቁጠባ እየቆጠሩ የሚደሰቱትም የሚልሱት ይህንኑ የተናደ ገደል ነው።

የሐኪሞች መከራከሪያ ጉድለት

የራሳችንን ወገን ሳንመረምር ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ማኅበሮቻችን አረጋውያን ሁሉ ሐኪም ሊያጡ ነው ሲሉ የተቃራኒው ወገን መልስ ዝግጁ ነው። ለኮንግረስ ምክር የሚሰጠው የሜዲኬር ክፍያ አማካሪ ኮሚሽን በየዓመቱ በሚያደርገው ቅኝት፣ 65 ዓመት የሞላቸው የሜዲኬር ተጠቃሚዎች ሐኪም በማግኘት ረገድ የግል መድን ካላቸው ጎልማሶች እንደማያንሱ፣ እንዲያውም እንደሚሻሉ ይገልጻል። ይህ ማስረጃ ሊናቅ አይገባም። ስለዚህም አጠቃላዩን ማስጠንቀቂያ በየዓመቱ እየደጋገምን ስናሰማ የመታመን ዕድላችን ይመነምናል።

ይሁን እንጂ አማካይ ቁጥር የሚሸሽገው ነገር አለ። ሜዲኬርንና ሜዲኬይድን አጣምረው የሚጠቀሙት ሰዎች ወደ 12 ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ አብዛኞቹም አረጋውያን ናቸው። ከሌላው ተጠቃሚ ይልቅ ድኾችና ሕመመ ብዙዎች ስለሆኑ ቀጠሮ ሲያጡ የሚከፍሉት ዋጋ ከፍ ያለ ነው። ክፍያ ሲስተካከል በር እንደሚከፈት ደግሞ ምልክት አለ። በ2013 እና በ2014 ለመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚከፈለው የሜዲኬይድ ተመን ከሜዲኬር ጋር እንዲስተካከል ተደርጎ ነበር። በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በ2015 የታተመ ጥናት፣ በ10 ክፍለ ግዛቶች የሜዲኬይድ ታካሚ ሆነው የደወሉ አጥኚዎች ቀጠሮ የማግኘት ዕድላቸው ከ58.7 በመቶ ወደ 66.4 በመቶ ማደጉን አሳይቷል። ጥናቱ አረጋውያንን ለይቶ የተመለከተ አይደለም፤ ቢሆንም የክሊኒክ በር ለተመን ምላሽ እንደሚሰጥ ያስረዳል። የፌዴራሉ ድጎማ ግን በ2014 መጨረሻ ተቋረጠ።

አስተርጓሚ የሚያሻቸው አረጋውያን

ጉዳዩ ለእኛ ማኅበረሰብ ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተንና በአካባቢው ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን አረጋውያን ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ተከትለው በስተርጅና የመጡ ናቸው። በአሜሪካ የሠሩበት ዘመን አጭር ወይም ምንም ስለሆነ ጡረታቸው ትንሽ ነው፤ ሜዲኬይድ ያስፈልጋቸዋል። ከዚህም ጋር አስተርጓሚ ይሻሉ። አስተርጓሚ የማቅረቡን ግዴታ የፌዴራል ሕግ በሕክምና ሰጪው ላይ ጥሏል፤ ሜዲኬር ግን ለአስተርጓሚው ለክሊኒኩ ለብቻው አይከፍልም። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች በሜዲኬይድ በኩል ይህን ወጪ ይሸፍናሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። እንግዲህ ከላይ በምሳሌው 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ብቻ የሚተርፍባቸው እናት አማርኛ ብቻ የሚናገሩ ቢሆኑ ክሊኒኩ የሚገባበትን ኪሳራ መገመት አያዳግትም። የክፍያው ሥርዓት ሕጉን በሚያከብረው ክሊኒክ ላይ ቅጣት ይጥላል፤ የልጅ ልጅን አስተርጓሚ የሚያደርገውን ክሊኒክ ደግሞ ይሸልማል።

ምን ይደረግ?

ጭማሪውን ለሁሉም በእኩል መበተን ችግሩን በከፊል ብቻ ያቃልላል። ከላይ የተመለከተው ስሌት እንደሚያሳየው ቁስሉ ያለው ክፍለ ግዛቱ ሳይከፍል በሚያልፈው 20 በመቶ ላይ ነው። የአማካሪው ኮሚሽን በ2023 ያቀረበው ሐሳብ በዚህ ረገድ ከማኅበሮቻችን ጥያቄ የተሻለ ነው። ዓመታዊው ጭማሪ ከወጪ ንረት ጋር በከፊል እንዲያያዝ፣ በተጨማሪም ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን የሜዲኬር ታካሚዎች ለሚያክሙ የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሞች 15 በመቶ፣ ለሌሎቹ 5 በመቶ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሰጥ መክሯል። ማኅበሮቻችን ድኻ አረጋውያንን በስም እየጠሩ ከተከራከሩ፣ ጥያቄያቸው ከዚህ ሐሳብ መጀመር ነበረበት።

ሕጉ እስኪሻሻል በእጃችን ያለ ሥራም አለ። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ አረጋውያን የሜዲኬር መዋጮና የታካሚ ድርሻ እንዲሸፈንላቸው በክፍለ ግዛታቸው የሜዲኬይድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላሉ፤ ብዙዎች ግን ይህን አያውቁም። ከተመዘገቡ በኋላ የ20 በመቶ ሒሳብ ቢላክባቸው የመክፈል ግዴታ የለባቸውም። በእኛ ዘንድ ዕዳ ነውር ስለሆነ ልጆች ሳይጠይቁ ይከፍላሉ፤ እናቶችም ልጆቻቸውን ላለማስቸገር ቀጠሮ ይተዋሉ። ነርሷ፣ ፋርማሲስቱና ሐኪሙ በየምርመራው መጨረሻ ሒሳብ ደርሶባቸው እንደሆነ ቢጠይቁ፣ በደም ግፊት መድኃኒቱ አለመወሰድ ጀርባ ያለውን ምክንያት ብዙ ጊዜ ያገኙታል።