መኪናዋን ከፍ እናድርጋት

ባለፈው እሁድ ጎረቤቴ ለቡና ጠርቶኝ ግቢው ስገባ እሱ ራሱ መኪና ሥር ተኝቷል። እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። ዱባይ ያለ ዘመዱ ካርቶን ልኮለታል። በካርቶኑ ውስጥ ረዘም ያሉ የፊት ሞላዎች፣ አራት ሾክ አብዞርበሮችና ከኋላ ባሌስትራ ላይ የሚደረቡ ብረቶች አሉ። ሃይሉክሷ አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ልትል ነው። «ጋሼ፣ ጋራዥ ምን ያደርጋል? ሁሉም እዚህ አለ» አለኝ ልጁ፣ በስልኩ ላይ ያለውን ቪዲዮ እያሳየኝ። እኔም ቡናዬን በአንድ እጄ፣ መፍቻውን በሌላው ይዤ አቀባይ ሆኜ ቀረሁ።

መኪናዋ የተነሣችው በአንድ ክሪክ ነው። የቀረውን ክብደት የተሸከመው ብሎኬት ነበር። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ለግድግዳ እንጂ ሰው የተኛበትን መኪና ደግፎ ለመያዝ አልተሠራም። ሲሰበር ደግሞ እንደ እንጨት ቀድሞ አይንጫጫም፤ ባንድ ጊዜ ይፈረካከሳል። ይህን ተናገርኩ። «ምንም አይሆንም» ተባልኩ። (በዚህ አገር ከ«ምንም አይሆንም» የበለጠ ሰው የገደለ ቃል ይኖር ይሆን?) ሞላውን ሲያስገቡ የባሰ መጣ። ሞላ ተጨምቆ ነው የሚገባው፤ ለመጭመቂያ የተሠራ መሣሪያ አለው፤ እነሱ ግን በሽቦ ጠፍረው አስገቡት። ሽቦው ቢበጠስ ሞላው የልጁን መንጋጋ ይዞት ይሄድ ነበር። አልተበጠሰም። እንግዲህ በሚቀጥለው እሁድም በሽቦ ነው ማለት ነው።

መኪና ከፍ ማድረግ በራሱ ነውር የለበትም። ከመቂና ከባቱ ማሳ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያወጣ ሰው ዝናብ ሲጥል መንገዱ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ቢያስነሣ አልፈርድበትም። እሱም ቢሆን ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ ሞላና ባሌስትራ ሲጨመር ከፍ የሚለው ሻንሲውና ካቢናው ነው። የኋላው ዲፈረንሻል እዚያው የነበረበት ነው፤ እሱን ከድንጋይ የሚያርቀው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። የጎረቤቴ ሃይሉክስ ደግሞ ማሳ አይታ አታውቅም። መንገዷ በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ነው። እናቱን በየወሩ ለሕክምና አዲስ አበባ ይዛቸው ትሄዳለች። ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ንጹሕ አስፋልት! ከፍ ያለች መኪና በዚያ ፍጥነት በነፋስና በመታጠፊያ ይበልጥ እንደምትወዛወዝ የነገረው የለም።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ማንም ያላየው ትንሽ ዘንግ ነው። በብዙዎቹ ፒክአፖች ከኋላ፣ ከአክሱሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ አንድ የፍሬን ቫልቭ አለ። ሥራው ጭነቱን መገመት ነው። ሻንሲው ወደ አክሱሉ ሲጠጋ «ጭነት አለ» ይልና ለኋላ ፍሬን ኃይል ይጨምራል፤ ሲርቅ «ባዶ ነች» ብሎ ይቀንሳል። እኛ ሻንሲውን አምስት ሴንቲ ሜትር አራቅነው፤ ዘንጉን ግን አላስተካከልነውም። ስለዚህ መኪናዋ ሰውና ዕቃ ሞልታም ባዶ የሆነች ይመስላታል። በአማርኛ ዋሸናት ማለት ነው።

ይኸው ነገር በአይሱዙ ላይ ሲሆን ደግሞ ንግድ ይሆናል። ባሌስትራው ላይ ብረት ይደረባል፤ ሊብሬው ላይ ያለው ኩንታል ተረስቶ ሽንኩርቱ እስከ ሰማይ ይቆለላል። ባሌስትራው ይችላል፤ ለመቻል ነው የተጨመረው። ፍሬኑ፣ ጎማውና አክሱሉ ግን የድሮዎቹ ናቸው። ሕዝባችን ለዚህች መኪና «አልቃይዳ» የሚል ስም አወጣላት። ስሙ ያስቃል፤ ግን ጥፋቱን ሁሉ ብረቱ ላይ ጥሎ ብረት የደረበውን፣ ያስደረበውንና የጫነውን ነጻ ያወጣቸዋል። የቦሎ ምርመራስ? እኔ ቦሎ ባሳደስኩባቸው ዓመታት ሁሉ የመኪናዬን ቁመት የለካ ሰው አላጋጠመኝም።

አዳማ ደግሞ (ናዝሬት ልል ነበር፤ ምላስ ልማዱን አይለቅም) የባጃጅ ከተማ ናት። ማታ ከነዚህ ከፍ ካሉ መኪናዎች አንዷ ፊት ለፊት ስትመጣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠው ያውቃሉ? መብራቷ በቀጥታ ዓይንዎ ውስጥ ይገባል፤ ባለ ባጃጁም እንደ እርስዎ ታውሯል። መከላከያዋ የሚደርሰው ደረትዎ ጋ ነው። ይህ ሁሉ በካርቶኑ ላይ አልተጻፈም። የተጻፈው ከፍታው ነው።

ማታ ላይ እናትየውን አስጠርተው «እማዬ፣ ግቢ እስቲ!» አሏቸው። እግራቸውን አነሡ፤ አልደረሰም። ደግመው አነሡ። ልጁ ሮጦ ከቡናው ሥር በርጩማውን አመጣ፤ በዚያ ላይ ቆመው፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው ገቡ። በርጩማው እስከ ዛሬ ከኋላ እንደተጫነ ነው።

ሰኞ ለምኜ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ሥሯ ገብቶ ቆየና የቀኝ የፊት ጎማው የፍሬን ቱቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል፣ የኋላው ዘንግም እንዳለ ነው አለ። የፊት ጎማዎቹን አሰላለፍ እያስተካከለ፣ መብራቱንም ዝቅ እያደረገ፣ «ይህን የሠራው ማነው?» ሲል ጠየቀ። አባትና ልጅ ዞረው እኔን አዩኝ። በዕድሜ ትልቁ እኔ ነኛ!