የልብን ምት መቁጠርና ጊዜውን መለካት

ከኢ.ሲ.ጂ. እና ከጣት የብርሃን መለኪያ የልብን ምት በኮምፒውተር ለይቶ የማውጣት ሥራ ረጅም ዕድሜ አለው። ጂያፑ ፓን እና ዊሊስ ቶምፕኪንስ በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የስሌት ዘዴ፣ 48 የግማሽ ሰዓት ቅጂዎችን በያዘው የኤም.አይ.ቲ.-ቢ.አይ.ኤች. ስብስብ ተፈትኖ ከኪው.አር.ኤስ. ሞገዶች 99.3 በመቶውን በትክክል ለይቷል። ከዚያ ወዲህ የቀረቡ በርካታ ዘዴዎችም ብቃታቸውን የሚያስመሰክሩት በዚሁ ዓይነት መቶኛ ነው።

ይህ መስፈርት ግን ምቱ መገኘቱን እንጂ በትክክል መቼ እንደተከሰተ አያረጋግጥም። በአሜሪካው ኢ.ሲ.57 ደረጃ መሠረት መሣሪያው ያመለከተው ምት ባለሙያው ካመለከተው እስከ 150 ሚሊ ሰከንድ ቢርቅም እንደ ትክክል ይቆጠራል። በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ለማወቅ ይህ በቂ ነው። ከአር ሞገድ ጫፍ አንሥቶ የደም ሞገዱ ጣት እስኪደርስ ያለው ጊዜ ግን በአብዛኛው ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ነው። ክንድ ላይ ሳይጠመጠሙ በዚህ ጊዜ አማካይነት የደም ግፊትን ለመገመት የሚሞክሩ መሣሪያዎች የሚፈልጉት የጥቂት ሚሊ ሰከንዶችን ለውጥ ነው። ስለዚህ በቆጠራ የተመሰገነ ዘዴ በጊዜ ልኬታ ሊወድቅ ይችላል።

የስሕተቱ ምንጮች ይታወቃሉ። የአር ሞገድ ሹል ሲሆን የብርሃኑ ሞገድ ክብ ነው፤ ጫፉም እጅ ሲቀዘቅዝና የደም ሥር ሲጠብብ ቦታውን ይለውጣል። በመሆኑም ከጫፉ ይልቅ የሞገዱን መነሻ መያዝ ይመረጣል። በሰከንድ 125 ጊዜ የሚመዘግብ መሣሪያ በሁለት ነጥቦች መካከል የ8 ሚሊ ሰከንድ ክፍተት አለው። ሁለቱ ምልክቶች በተለያየ ማጣሪያ ካለፉም አንዱ ከሌላው ሊዘገይ ይችላል። ይህ ሁሉ ቢታረም እንኳ የሚለካው ጊዜ፣ ልብ ደም መርጨት ከመጀመሩ በፊት ያለውን የዝግጅት ጊዜ ስለሚጨምር የደም ሥርን ሁኔታ ብቻ አያሳይም።

ከሁሉ የከፋው ችግር የሚታየው በኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው። ሪውማቲክ የልብ ሕመም ባለበት አገር የሚሠራ ነርስ የልብን ምት በማዳመጫ፣ የደም ሥርን ትርታ በእጅ ቆጥሮ ልዩነቱን ይመዘግባል፤ አንዳንዱ ምት እጅ ላይ እንደማይደርስ ያውቃልና። ለእያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ምት የግድ አንድ የብርሃን ሞገድ የሚያጣምር ዘዴ ግን ያልነበረ ጊዜ ይፈጥራል። የማይመቹትን ምቶች ጥሎ የቀሩትን ብቻ የሚዘግብም ሕመሙን ራሱን ይደብቃል።

እንግዲህ አዲስ ዘዴ የሚያቀርብ ሁሉ ስሕተቱን በሚሊ ሰከንድ፣ የጣላቸውን ምቶች በቁጥር፣ የምት መዛባት ባለባቸው ሕሙማን የተገኘውንም ውጤት ለይቶ መግለጽ ይገባዋል። ይህ ካልቀረበ ከፍተኛው መቶኛ የቆጠራ ማስረጃ እንጂ በሕሙማን አልጋ አጠገብ ውሳኔ የሚሰጥበት የጊዜ ልኬታ ማስረጃ አይሆንም።